የቡፌው ጀርባ

«አንዲት ማንኪያ እንኳ አላስተረፉላትም! ጠራርገው ነው የሄዱት! ኧረ የሰው ያለህ!» እያሉ አናጢው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው በሩ ላይ ቆመዋል።

የሰው ያለህ ከተባለ መቼም ሰው አይጠፋም። አከራይዋ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ከምድር ቤት ሮጣ ወጣች። ዘበኛው ዱላውን ሊያመጣ ወርዶ፣ ከድንጋጤው ብዛት መጥረጊያ ይዞ ተመለሰ። ጎን ያሉት ጡረተኛ በነጠላ ጫማ ብቅ አሉ። ሁሉም በአናጢው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ጭራሽ ባዶ ነው ባይባልም ለባዶ የቀረበ ነበር። ወለሉ ላይ አንድ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት ልብሶች፣ መስኮቱ ሥር አንዲት ታጣፊ ጠረጴዛ ከአንድ ዱካ ጋር፣ ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ። በቃ። ክፍሉን የተከራየችው የአናጢው የወንድም ልጅ ናት። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ፣ «ዘበኛው ይከፍትልዎታል፣ ገብተው ይጠብቁኝ» ብላቸዋለች በስልክ። ይህን ቤቷን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ቴሌቪዥኗስ?» አለች አከራይዋ ደረቷን ይዛ። «ያ ትልቁ ቴሌቪዥን! ሁልጊዜ ድምፁ ይሰማኝ የለም እንዴ!»

«ፍሪጁም የለም» አለ ዘበኛው። «እኔ ራሴ ነኝ ከታች ደግፌ ያወጣሁት።»

ጡረተኛው ጥቂት አሰቡና፣ «ምንጣፍም ነበራት» አሉ። «ቀይ። አበባ ያለው።»

አናጢው የጠፋውን ዕቃ አንድ በአንድ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ዕቃ ማፍራቷን አለማወቃቸው አሳፈራቸው፤ ባወቁበት ቅጽበት መዘረፉ ደግሞ አንገበገባቸው። ለመኩራትም ለማዘንም እኩል ጊዜ አጡ።

ልጅቷ ዳቦዋን ይዛ ደረጃውን ስትጨርስ ይህን ሁሉ ሰው በሯ ላይ አየች።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«አይዞሽ እሙዬ» አሉ አጎቷ እቅፍ አድርገው። «አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ። ዕቃ ይተካል።»

«የቱ ዕቃ?»

«የተሰረቀው ነዋ!»

ልጅቷ በሰው መሐል ተሹለክልካ ገባች። ፍራሹን አየች፣ ልብሶቹን አየች፣ ማፍያውን አየች። «ሁሉም አለኮ!» አለች።

«ቴሌቪዥኑስ?» አከራይዋ ናት።

«ቴሌቪዥን ኖሮኝ አያውቅም። የሚሰሙት ላፕቶፔን ነው።»

«ፍሪጁስ?»

«የላይኛው ፎቅ ልጅ ፍሪጅ ነው።»

«ምንጣፉስ?» አሉ ጡረተኛው፣ ተስፋ ሳይቆርጡ።

«ምንጣፍ አልነበረኝም አባቴ። ይቅርታ።»

ሰው ባዶ ቤት ማየት አይሆንለትም፤ የጎደለውን ከራሱ አምጥቶ ይሞላዋል። ሦስቱም እንደተታለለ ሰው እያጉረመረሙ ተበተኑ። ዘበኛው እንዲያውም፣ መጥረጊያውን ከያዘው አይቀር ብሎ ደረጃውን እየጠረገ ወረደ።

አናጢው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «እና እንዲህ ነው የምትኖሪው?» አሉ በመጨረሻ። «በገዛ ፈቃድሽ?»

«ይቀመጡ እንጂ አጎቴ።»

«የት?»

እውነትም ግራ ያጋባል። ዱካዋ ትንሽ ናት፤ ፍራሹ ደግሞ ለሽማግሌ ክብር ዝቅ ያለ ነው። ዱካዋን መረጡና ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ውሃ ማፍያውን ሰካች።

የመጡት የምሥራች ይዘው ነበር። ሰኞ ጠዋት የጣውላ ነጋዴው አንድ መኪና ሙሉ ወፍራም ጣውላ ሊያራግፍላቸው ተስማምተዋል። ለዚህም ለእርጅናዬ ብለው ያስቀመጡትን በሙሉ ሊከፍሉ ቆርጠዋል። በጣውላው ቡፌ ሊሠሩበት ነው፤ ባለመስታወት፣ ባለቅርጽ፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ፣ ቤት ሲሞላ ዓይን የሚሞላ ቡፌ። የመጀመሪያውን ለእሷ ሊሰጡ አስበዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገሯት፤ ነገር ግን ዱካዋ ላይ ተኮራምተው ሲናገሩት የምሥራችነቱ ቀነሰ።

ልጅቷ ሻዩን አቀረበች። እሷ የምታውቀውን አንባቢም ይወቀው፤ በአናጢው ሱቅ ውስጥ አንሶላ የለበሱ አራት ቡፌዎች ቆመዋል። ጠያቂ ካጡ ከርመዋል። የሰኞው ጣውላ ቡፌ ሆኖ እንደነዚያ አንሶላ ከለበሰ፣ ሱቁ ከነመጋዙ መሸጡ አይቀርም፤ ሽማግሌውም እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸው ነው። እጃቸውን አጣጥፈው ከመቀመጥ ደግሞ ሞትን ይመርጣሉ።

«አጎቴ» አለች ለስለስ ብላ፣ «የቆሙትስ መቼ ተሸጡ?»

«ይሸጣሉ። ጊዜያቸው አልደረሰም።»

«የቡፌዎቹ?»

«የገዢዎቹ ነዋ!» ሻዩን አስቀመጡ። «ስሚኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሸጫለሁ። የወጣት ግዢ እንደ ሕፃን ጥርስ ነው፤ ተራ አለው። መጀመሪያ ጫማ ነው፤ ቀጥሎ አልጋ፤ ቀጥሎ ቁም ሳጥን። ሠላሳ ሲገባ ቡፌ ይበቅላል። አልፎ አልፎ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ሳይበቅል አይቀርም። የዘንድሮዎቹ ዘግይተዋል። እኔ እየጠበቅሁ ነው።»

«እኔስ የት ደርሻለሁ በእርስዎ ቆጠራ?»

አናጢው ዙሪያውን ተመለከቱ። «አንቺማ ድዱ ብቻ ነው ያለሽ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ እሳቸውም በራሳቸው ቀልድ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ከልባቸው አዝነው ነበርና።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ደሞዝ አንሷል?»

«አላነሰም።»

«ሰው አለ የሚበላብሽ?»

«የለም።»

«ታዲያ ገንዘቡ የት ይገባል? ያ ሁሉ ዓመት የመነጽር ቤት ሥራ፣ ያ ሁሉ የሰው ዓይን መመርመር፣ ይኸው ነው ትርፉ? ፍራሽና ማፍያ?»

ልጅቷ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። «በመጀመሪያው ደሞዜ የገዛሁትን ጫማ ያስታውሱታል? ተረከዙ ረጅም የሆነውን?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! ደረጃ መውረድ እያቃተሽ በእጅሽ ይዘሽው ትወርጂ የለም እንዴ።»

«እሱ ነበር የመጀመሪያው። ከዚያ ያ ባለብዙ ካሜራ ስልክ መጣ፤ በዱቤ። ዱቤው ሳያልቅ ሌላ ስልክ አማረኝ። ከዚያ ደግሞ ቤት መሙላት ነው ያማረኝ። የጭማቂ መፍጫ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት፣ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር። ሌባ ያኔ ቢመጣ ኖሮ ወግ ያለው ዝርፊያ ይሆን ነበር።»

«እና የታለ?»

«ቤት በቀየርኩ ቁጥር አንድ አንዱን እየጣልኩ መጣሁ። አንዷ አከራይ ‹ልጄ ሊያገባ ነው፣ ልቀቂ› አለችኝ። አንዱ ኪራይ ጨመረ። አንዱ ጋ ውሃ አልነበረም። ለተሸካሚ ስከፍል፣ ስከፍል፣ መጨረሻ ላይ የጭማቂ መፍጫዬ ከእኔ በላይ በመኪና መሄዱ ገባኝ። ተውኩት።»

«ጥሩ፣ ተውሽ። አሁንስ ምን ገዛሽ? እሱን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ይኼን ፍራሽ። ይንኩት እስቲ።»

አናጢው በጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ሰመጠና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ጥሩ ዕቃ ሲያዩ መዋሸት አይችሉምና «እህም» አሉ።

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፤ ወገቤ አልቆ ነበር። ከዚያ የትምህርት ክፍያ አለብኝ። ለእናቴ እልካለሁ። ትንሽ አስቀምጣለሁ። ጥርሴን አሳከምኩ።»

«ጥርስ!» አሉ አናጢው። «ጥርስ ዕቃ ነው? እንግዳ ሲመጣ ምንሽን ታሳዪዋለሽ? ጥርስሽን?»

«እስቅለታለሁ፤ ያየዋል።»

አናጢው ሻያቸውን ፉት አሉ። ልጅቷ ቀጠለች። «ልብስ ማጠቢያም አለኝ። ማለቴ አለን። በዚህ ፎቅ ያለነው ተዋጥተን የገዛነው ነው፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው ያለው። በተራ እናጥባለን።»

«የሌላ ሰው ልብስ በታጠበበት? ኧረ ነውር ነው! ንጽሕና የሚባል ነገር የለም?»

«ፀጉርዎን የሚቆረጡበት መቀስ የግልዎ ነው አጎቴ?»

አናጢው እጃቸውን ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ላኩ። ፀጉር አስተካካያቸው ዘንድ ሲሄዱ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ስለ መቀሱ አንድም ቀን አስበው አያውቁም። አሁን ማሰባቸው አልተስማማቸውም።

ጨዋታውን ለመቀየር ብለው ጠረጴዛዋ ላይ ክንዳቸውን አሳረፉ። ጠረጴዛዋ ተንገጫገጨች። ሻዩ ፈሰሰ። አናጢው ወዲያው ከዱካው ወርደው ተንበረከኩ፤ ከአንድ እግሯ ሥር የታጠፈ ካርቶን አገኙ፤ ጫፏን በጥፍራቸው ሲፍቁት እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረፈረ።

«ይኼ እንጨት ነው?» አሉ፣ ከሥር ሆነው። ድምፃቸው ተለውጧል፤ አሁን በገዛ አገራቸው ላይ ናቸው። «ይኼ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው! ውሃ ነክቶት አብጧል። ስንተኛሽ ነው?»

ልጅቷ አመነታች። «ሦስተኛዬ።»

«ሦስተኛዬ!» ብለው ብድግ አሉ፣ ጉልበታቸው እየተንጣጣ። «ይኸው! ቆጣቢ ነኝ ትይኛለሽ። አንድ ደህና ጠረጴዛ መግዣውን ለሦስት ብስኩት አወጣሽው። አራተኛውንም ትገዢያለሽ። እኔ የሠራሁት ቢሆን የልጅ ልጅሽ ይማርበት ነበር!»

«እውነትዎን ነው» አለች።

አናጢው ለክርክር ተዘጋጅተው ስለነበር እውነትዎን ነው መባሉ አደናገራቸው።

«እውነትዎን ነው። ግን የእርስዎን ጠረጴዛ በዚህ ደረጃ ማን ያወጣልኛል? አይታጠፍ፣ አይፈታ። ሙጫዎ እንደሆነ መፍቻ የለውም። ይቺ ግን በብብቴ ሥር ይዣት ነው የገባሁት። ጠንካራው አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው አይጠነክርም። እኔም የቱን እንደምገዛ ግራ ገብቶኝ ነው ብስኩት የምገዛው።»

«አናጢ የሠራው ዕቃ አይፈታም!» አሉ ሽማግሌው። «የሚፈታ ዕቃ የሚሠራ ዕቃ አበላሺ ነው። ደግሞ ሁሉም እንዳንቺ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለሁለት ሙሽሮች ቡፌ ሸጫለሁ። ነርስ ናት እሷ፤ እሱ ሾፌር ነው። ወጣቶች ናቸው፣ እንዳንቺ ተከራዮች ናቸው። እዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው አሁን የሚኖሩት። እነሱን ጠይቂ!»

«አብረን እንሂዳ።»

«እንሂድ!»

ዳቦው ሳይቆረስ ወጡ። መንገድ ላይ አናጢው ፈጠን ፈጠን እያሉ ይሄዳሉ፤ ምስክሩን እንዳገኘ ተከራካሪ። ከተጠየቁ ለምን ወደ ነርሷ ቤት ሄደው እንደማያውቁ መልስ የላቸውም። ቡፌ ከሱቅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን አይተው አያውቁም፤ ልጇን ድራ እንደሸኘች እናት፣ ደህና ነው ብለው ያምናሉ እንጂ።

በሩን የከፈተው ሾፌሩ ነው። «ጋሼ! እንዴት ያለ ቀን ነው! ይግቡ፣ ይግቡ!» ነርሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከውስጥ ብቅ አለች፤ ሆዷ ገፋ ብሏል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ የእንጨት ግድግዳ ተገትሮ ለሁለት ከፍሎታል። ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመትቶበት ጃኬት፣ ቦርሳ፣ መጥበሻና ትንሽ የፊት መስታወት ተሰቅሎበታል።

አናጢው ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ዓይናቸው ግራ ቀኝ ሄደ። አልጋ አዩ፤ ምድጃ አዩ። ቡፌ የለም።

ሸጠውት ይሆን? «ልጆች» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቡፌውስ?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«እየተደገፉት ነውኮ ጋሼ» አለች ነርሷ።

ሽማግሌው እንደተቃጠለ ሰው ፈንጠር ብለው ዞሩ። አዩት። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት። በእጃቸው የሠሩት ዕቃ ነው፤ አላወቁትም። ምክንያቱም የሚያዩት ጀርባውን ነው። ፊቱን ሦስት ሳምንት በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ከርመዋል፤ ጀርባውን ግን፣ ግድግዳ ያየዋል እንጂ ሰው አያየውም ብለው፣ ያልተቀባ ችፑድ መትተውበት ነበር ያለፉት። አሁን ሰው የሚያየው እሱኑ ነው። መጥበሻ ተሰቅሎበት።

«ፊቱስ?» አሉ።

«ፊቱ ወደ አልጋው ነው» አለ ሾፌሩ። «መስታወቱ ግን አይከፈትም፤ አልጋው ዘግቶታል። ውስጡ ያለውን ብርጭቆ ካየነው ቆይተናል። ጋሼ፣ ግን እጅዎ ይባረክ! እንደዚህ ያለ ግድግዳ የለም። ጧት እሷ ሥራ ልትሄድ ስትጣደፍ እኔ አልሰማትም።»

«ግድግዳ» አሉ አናጢው።

«ምርጥ ግድግዳ!»

ሰው ሲመሰገን ሊከፋው አይገባም። አናጢው ግን በየትኛው መከፋት፣ በየትኛው መደሰት እንዳለባቸው ጠፋባቸው። ዝቅ ብለው ሲያዩ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። ቡፌው ወለሉ ላይ በሆዱ ተቀምጧል።

«እግሩስ?»

ሾፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ነርሷ ናት የደፈረችው፤ በሽተኛ ስታረጋጋ እንደምታደርገው እጃቸውን ያዝ አድርጋ።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙን። እዚህ ቤት ስንገባ በሩ አላስገባ አለ። አዘነበልነው፣ አጋደምነው፣ እምቢ አለ። ይፈታ እንደሆን አየነው፤ መፍቻ የለውም። ዝናብ መጣ። ተሸካሚዎቹ ትተውት ሊሄዱ ሆነ። ከዚያ…»

«ቆረጣችሁት።»

«በመጋዝ» አለ ሾፌሩ፣ ጫማውን እያየ። «ግን እግሮቹ አሉ! አልጋው ሥር አስቀምጠናቸዋል።»

ልጅቷ አጎቷን ማሸነፍ ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ማሸነፉ አስጠላት። ወንበር ሳበችላቸው። ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ በጣም በትሕትና። «ስትገዙት ወዳችሁት አልነበረም?»

ነርሷ ልብ የማይሰብር መልስ ፈለገች፤ አላገኘችም። «እውነቱን ልንገርዎት? የመረጠችው እናቴ ናት። ‹ቡፌ የሌለው ቤት ቤት አይባልም› አለች። እኛ ያኔ ምን እንደምንፈልግ አናውቅም ነበር። አሁንም በደንብ አናውቅም። አምና መከለያ ነበር ያማረን። ዘንድሮ የሕፃን አልጋ ነው። ከርሞ ይሄው ልጅ ይነሣና መደርደሪያ ይፈልጋል። ደግሞ የት እንደምንኖር እንጃ።»

አናጢው ወደ ኋላ አሰቡ። የሱቃቸው በር ታያቸው። ሙሽሮች ይመጣሉ፤ እውነት ነው። ግን ማን ነበር ቡፌውን በእጁ የሚዳስሰው? ማን ነበር ዋጋ የሚከራከረው? እናት። የሙሽራዋ እናት፣ የሙሽራው እናት፣ እናት ከሌለ አክስት። ሙሽሮቹማ በር ላይ ቆመው ይሳሳቁ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የወጣት ጥርስ ሲቆጥሩ የኖሩት ሰውዬ፣ ለካስ የቆጠሩት የእናቶቹን ነው።

«የሕፃን አልጋ አልሽ?» አሉ። እጃቸው ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ ሲፈልግ ራሳቸውም አላስተዋሉም።

«አዎ ጋሼ፤ ግን የሚፈታ ቢሆን…»

«በኋላ መደርደሪያ የሚሆን» አለ ሾፌሩ።

«ጠረጴዛ ቢሆን አይሻልም?» አለች ነርሷ።

«አልጋውም ጠረጴዛውም?»

«አብረው?»

ባልና ሚስት መከራከር ጀመሩ። አናጢው አንዱን ሲያዩ ሌላውን ሲሰሙ እርሳሳቸው አየር ላይ ቀረ። በመጨረሻም፣ «እናስብበትና እንነግርዎታለን» አሏቸውና በዚሁ ተለያዩ።

መንገድ ላይ ልጅቷ በሽማግሌው ጎን፣ እርምጃቸውን እየጠበቀች ሄደች።

«ተሳለቂብኝ እንጂ» አሉ።

«አልሳለቅም። እርስዎ ያሉትም እውነት ነው። እኔ ሦስት ብስኩት ጠረጴዛ ገዝቻለሁ። በዚያ በጫማው ዘመን፣ በስልኩ ዘመን የበተንኩትን ሳስብ እኔም ያንገበግበኛል። አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ‹ይኼ ነገር ከርሞም ያስፈልግሻል ወይ?› ቢለኝ ኖሮ ግማሹን አልገዛውም ነበር።»

«እኔ ልልሽ ይገባ ነበር። እኔም ቡፌ ነበር የማስበው።» ጥቂት ተራመዱ። «ንገሪኝ እስቲ። በዓይን ሥራሽ ምንድን ነው የምታደርጊው? ሰው ሲመጣ።»

«ሌንስ ዓይኑ ላይ አስቀምጥና ‹ይኼ ይሻላል ወይስ የበፊቱ?› እላለሁ። እሱ ይመልሳል። ሌላ አስቀምጣለሁ። እንደገና እጠይቃለሁ።»

«ሳትጠይቂ ብትሰጪውስ? ልምድ አለሽ መቼም።»

«ግድግዳ ይገጫል።»

«ባለፈው ዓመት የሰጠሽውንስ?»

«ዓይን ይለወጣል አጎቴ። በየጊዜው መጥቶ መታየት አለበት። አንዳንዱ ደግሞ ምን እንደሚያይ ራሱም አያውቅም። ‹ሁለቱም አንድ ነው› ይለኛል፤ አንድ አይደሉም። ታግሼ እጠይቀዋለሁ።»

አናጢው ቆሙ። መንገድ መሐል ነው፤ ልጅቷ ወደ ዳር ጎተተቻቸው። እዚያው ዳር ላይ ቆመው ተነጋገሩ። ተራ በተራ ነገሩን ገለባበጡት። ወፍራም ጣውላ በመኪና ሙሉ ከማራገፍ ይልቅ ቀጠን ያለውን ጥቂት ጥቂት ቢገዙ፣ የእርጅና ገንዘባቸው በእጃቸው ይቆያል፤ ያልሸጡት ዕቃም አንሶላ ለብሶ ሱቃቸውን አያጣብብም። በሙጫ ፈንታ በብሎን ቢያያይዙት፣ ጥንካሬው ያው ሆኖ አንዲት ልጅ ለብቻዋ ፈትታ ደረጃ ልታወጣው ትችላለች። ዛሬ የሕፃን አልጋ የሆነው ነገ መደርደሪያ ሲሆን፣ ወጣቱ በየዓመቱ ሰጋቱራ ከመግዛት ይድናል፤ አናጢውም ደንበኛውን አንድ ጊዜ ሸኝቶ ከመርሳት ይድናል። ዕቃው ከሰውየው ጋር ያድጋል ማለት ነው።

«ጀርባውም መቀባት አለበት» አሉ ሽማግሌው በድንገት። «ማን በየት በኩል እንደሚያየው አይታወቅም።»

«እውነት ነው።»

«ብሎን ግን…» ፊታቸው ትንሽ ተጨማደደ። «አባቴ ብሎን ሲያይ ምራቁን ይተፋ ነበር።»

«አያቴ ቤት ቀይረው ያውቃሉ?»

«የት አባቱ ይቀይራል! በተወለደበት ሞተ።»

«እንግዲያው ልክ ነበሩ፤ ለራሳቸው ቤት።»

ይህ አነጋገር ሽማግሌውን ደስ አሰኛቸው፤ አባታቸውንም አላዋረደ፣ እሳቸውንም አላሰረ። ግራ መጋባታቸው ግን ገና አልለቀቃቸውም። ሠላሳ ሲሞላ ቡፌ ይበቅላል ብሎ ማመን እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር! አሁን ከሰኞ ጀምሮ ሰው ሱቃቸው በር ላይ በመጣ ቁጥር መጠየቅ፣ መስማት፣ እንደገና መጠየቅ ሊኖርባቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ሥራ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ስልካቸውን አወጡ። ለጣውላ ነጋዴው ደወሉ። ልጅቷ ጎናቸው ቆማ የነጋዴውን ጩኸት ጭምር ትሰማለች።

«እንዴት ዋልክ? ደህና ነኝ፣ ደህና። ስማኝማ፣ ያን የሰኞውን ጣውላ ተወው። አዎ፣ ተወው። ገንዘብ አልተቀባበልንም፣ በደል የለብኝም። ለመጫኛ ያወጣኸው ካለ እከፍልሃለሁ።»

ነጋዴው ጮኸ። አናጢው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ጠበቁ።

«አልታመምኩም። አልተጣላንም። ጣውላ እፈልጋለሁ እኮ! ቀጭን ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ በጋሪ የሚመጣ።»

በወዲያኛው በኩል ነጋዴው ግራ ተጋብቶ ጠየቀ። «ሰውዬ፣ ቀልድ ነው? በእንዲህ ያለ ቀጭን ጣውላ ምን ልትሠራበት ነው?»

አናጢው ወደ ወንድማቸው ልጅ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ።

«እንጃ» አሉ። «የሚገዛኝ ሰው ገና አልነገረኝም።»